በዶክተር ዝናቡ ስም የታተሙት ዛፎች

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። የወናጎ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ሥራውን የሚወድ፣ ሁለት ቃል አማርኛ ከተናገረ ሦስተኛው እንግሊዝኛ የሚሆንበት። «ቲቸር፣ ዲፌንሴ ደርሷል፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። እኔም በእሱ ዕድሜ ወረቀት ይዤ የየቢሮውን ደጅ የጠናሁ ነኝ።

ወረቀቱን ቤት ወስጄ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የበልጉ ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አናናስ የሚሸጡት ሴቶች ሸራቸው ላይ ያቆረውን ውሃ ያራግፋሉ፤ ባጃጆች ቀዩን ጭቃ እየረጩ ይወርዳሉ። ልጁ ጥሩ ጽፏል። ስለ ቡና ጥላ ዛፎች ነው። እስክሪብቶ ይዤ እያረምኩ፣ እየተዝናናሁም ስሄድ፣ አንድ ገጽ ላይ አንድ ስም አየሁና እጄ ቆመ። «ዶክተር ዝናቡ ጥላሁን እንዳረጋገጡት» ይላል። ከሥሩ ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡን ገና ሳላነበው አወቅኩት፤ የዛፎቹን ዕድሜ ከላይ እስከ ታች በቃሌ መናገር እችላለሁ።

ዶክተር ዝናቡ ጥላሁን የሚባል ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስለ ዝናብና ስለ ጥላ የሚጽፍ ሰው ሌላ ምን ሊባል ይችላል ብዬ። ቀልዱ ያኔ በጣም አስቆኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላሳቀኝም።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነበር፤ ዲላ ውስጥ ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ ረዳት መምህር ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ከመሃል አገር በልጅነቱ መጥቶ ዋናው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ የኖረ ሰው ነው። ለትምህርት ሊልከኝ ሲነሳ ወንድሞቹ «ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል፣ ሱቁን ትያዝ» ብለው ሊያስቀሩኝ ሞክረው ነበር። አባዬ «ሱቁ የትም አይሄድም» ብሎ ላከኝ። ስቀጠር ደግሞ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ሰዓዳ እኮ መምህር ሆነች» እያለ፣ ጨርቅ ሲለካ ስንት ክንድ እንደደረሰ እየጠፋበት እንደገና ይጀምር ነበር። ሥራው የእኔ ብቻ አልነበረም፤ አባቴ ወንድሞቹን የረታበት ክርክር ነበር። ይህን የማነሳው ማመካኛ ፍለጋ አይደለም። ትንሽ ግን ነው።

ታምራት ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ነው የተቀጠረው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ በመሃላችን አንድ ቁምሳጥን። የኢዲዶ ገበሬ ልጅ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታቸው የሚዘምር፣ ቀልድ ሲነገረው መጀመሪያ የሚያስብበት ሰው ነበር። እኛ ስቀን ጨርሰን ወደ ሥራችን ከተመለስን በኋላ እሱ ከቁምሳጥኑ ማዶ ብቻውን መሳቅ ይጀምራል። እወደው ነበር። እንዲህ በግልጽ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም የእሱን አውቃለሁ፤ ግን እኔ የሐጂ ልጅ፣ እሱ ዘማሪ፤ ነገሩን ማን ያንሳው። ስለዚህ ሥራ አበዛን። አብረን ለመዋል ከጥናት የተሻለ ሰበብ አልነበረንም።

ጥናቱ የታምራት ነው። ጥያቄውን ከቤቱ ነው ይዞት የመጣው። አባቱ ጋሽ ጂግሶ ማሳቸው ላይ ያሉትን ያረጁ የብርብራ ዛፎች አይቆርጡም ነበር፤ ያረጀ ብርብራ ሥር ያለ ቡና ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ ፍሬውን አያረግፍም ይላሉ። በዚያ ጊዜ ደግሞ «የጥላ ዛፍ ሲያረጅ ቡናውን ይሻማል፣ ቁረጡት» የሚል ወሬ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። ታምራት አባቱ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ በወጉ ማወቅ ፈለገ። ለዚያ የእያንዳንዱን ዛፍ ዕድሜና በሥሩ ያለውን የቡና ምርት መመዝገብ ያስፈልጋል። እኔ መዝጋቢ ሆኜ ሄድኩ።

የካቲት ነበር። ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር፣ የቀረውን በእግር። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ብሎ ቡናው በአንድ ጊዜ አብቦ ነበር። ያን ሽታ የማያውቅ ሰው ቡና አውቃለሁ ባይል ጥሩ ነው፤ ቆልተው ከሚያሸቱት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። መንገዱ በእንሰት መሃል ይወጣል፤ ከላይ ጥላ፣ ከታች ጥላ፣ እግር ሥር ደግሞ የረገፈ የብርብራ ቅጠል። ታምራት ከፊት እየሄደ ቅርንጫፎቹን ይይዝልኛል። አንዳንዴ ይረሳና ይለቃቸዋል፤ ፊቴን ሲመቱኝ ይደነግጣል።

ጋሽ ጂግሶ ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ አንተና አንቺን አይለዩም፤ እኔን እስከ መጨረሻው ቀን «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» ነበር የሚሉኝ። ከዚያ ወዲህ በትክክል «ነይ» ካሉኝ ሰዎች መካከል እንደ እሳቸው ያቀረበኝ የለም። ዛፎቹን ልንቆጥር እንደመጣን ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«አይቆጠርም» አሉ። «እያደገ ያለ ነገር አይቆጠርም። ቆጠርክ ማለት፣ በቃኝ አልክ።»

እኔ ሳቄ መጣ። ታምራት አልሳቀም። አባቱ ቡና ሊያዩ ወጣ ሲሉ ዞር ዞር ብሎ መቁጠር ይችል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያደርገው ነበር፤ እኔ ብሆን አደርገው ነበር። እሱ ግን ትንሽ አሰበና በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ኋላ እንደነገረኝ፣ እሺ አንቆጥርም፣ እያንዳንዱን ማን እንደተከለው ግን ታጫውተናለህ ወይ ነው ያላቸው። ጋሽ ጂግሶ ዱላቸውን አነሱ። ክልክሉ መቁጠር ነው እንጂ ማውራት አይደለም።

ሦስት ቀን ሙሉ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄድን። ይሄ እኅታቸው ያገባች ጊዜ የተተከለ ነው። ያኛው ታምራት ሲወለድ። ይህችን ደግሞ ወፍ ናት የዘራቻት፣ ግን አንበጣ በመጣበት ዓመት እንደበቀለች ያስታውሳሉ። አንዱ ዛፍ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሚስታቸው እትዬ ወርቄ ተኳርፈው ሳሉ ብቻዋን የተከለችው ነው። «ከዚህ ሥር ያለ ቡና ትንሽ ይኮመጥጣል» አሉና ሳቁ። እኔ ሁሉንም ጻፍኩ። እትዬ ወርቄ ቀትር ላይ ቆጮ በጎመንና በአይብ ታቀርብልን ነበር። ለእኔ የሚሠራበት ድስት ለብቻው ነው፤ ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለምታውቅ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት አስመጥታልኝ ነበር። ይህን የሰማሁት ከታምራት ነው እንጂ እሷ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ከዚያ በኋላ ታምራት የሠራውን ሥራ ዛሬም ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ ስሙን ሳልጠራ። እያንዳንዱን ወሬ ወደ ዓመት ለወጠው። አንበጣው የመጣው መቼ ነው፣ አክስቱ ያገባችው መቼ ነው እያለ ጎረቤት ለጎረቤት ዞሮ አጣራ፤ አክስቱ ያለችበት ባንኮ ጎቲቲ ድረስ ሄዶ የሰርጓን ዓመት ጠየቃት። እሷም «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» ብላ ስጦታ ይዞ ባለመምጣቱ ተቀየመችው። በመጨረሻ አንድ ሰንጠረዥ ወጣ። ዛፉ፣ የተከለው ሰው፣ ዕድሜው፣ በሥሩ ያለው ቡና በዝናብም በድርቅም ዓመት የሰጠው ምርት። ጋሽ ጂግሶ ልክ ነበሩ።

ጽሑፉን ባሕር ማዶ ላለ የታወቀ መጽሔት ላከው። ገምጋሚዎቹ የዛፍ ዕድሜ በሰርግ ይታወቃል ወይ ብለው መለሱለት። እንደገና አብራርቶ ላከ። እንደገና ጠየቁት። እንዲህ እያለ ወራት ሄዱ። የክፍላችን ኃላፊ ይህን ሲሰማ በስብሰባ መሃል «ዛፍ በአክስት ሰርግ አይቆጠርም፣ አቶ ታምራት» ብሎ አሳቀብን። እሱ ራሱ በየወሩ ያሳትም ነበር። ያኔ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን ይላኩልን» የሚሉ ኢሜይሎች መጉረፍ የጀመሩበት ጊዜ ነው። መጽሔት ነን ይላሉ፤ ስማቸው ረጅምና ዓለም አቀፍ ነው፤ አድራሻቸው አንድ አገር፣ ስልካቸው ሌላ አገር። የተላከላቸውን ሁሉ ያትማሉ። ኃላፊያችን እዚያ ባሳተመው ነው ማዕረግ የተጨመረለት።

እኔ ተናደድኩ። ከታምራት በላይ ተናደድኩ፤ ለሚወዱት ሰው መናደድ ይቀላል። ለእነዚህ መጽሔቶች የለየለት ቅዠት ጽፈን እንላክላቸው አልኩት። ሲያትሙት በኮሌጁ የጥናት ቀን መድረክ ላይ ወጥተን እናነበዋለን፤ ውሸት ስንት ቀን እንደፈጀበት፣ እውነት ስንት ወር እንደቆመ ሁሉም ይስማ። ታምራት አልወደደውም፤ አልከለከለኝምም። እኔ ጻፍኩ። ባልና ሚስት በሚጨቃጨቁበት ጓሮ የበቀለ ቡና ይኮመጥጣል፣ መዝሙር በሚሰማበት ደግሞ ይጣፍጣል የሚል ነው። ከጋሽ ጂግሶ ጨዋታ መዝረፌ ነው። ታምራት አነበበውና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከቁምሳጥኑ ማዶ ሳቁ መጣ።

ሰንጠረዥ ብቻ ቀረኝ። የውሸት ቁጥር መፍጠር እንዲያ አድካሚ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እውነት ለመምሰል እዚህም እዚያም መዛነፍ አለበት። ታምራት ፈተና ሊፈትን ሄዷል። አባዬ ከመግሪብ በፊት ሱቅ እንድደርስ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል። የጋሽ ጂግሶ ሰንጠረዥ ደግሞ እጄ ላይ አለ። የተከለው ሰው የሚለውን ዓምድ አጠፋሁት፤ የቀረውን እንዳለ ተውኩት፤ ኢዲዶ የሚለውን በሌለ መንደር ስም ቀይሬ ለጠፍኩና በኮሌጁ ኢሜይሌ ላክሁት። ማን ያየዋል አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ማፍሰሱን አወቅሁበት፤ መልቀሙ ግን አልሆነልኝም።

በአራተኛው ቀን ተቀባይነት ማግኘቱ ተገለጸልን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያሳትሙ በነጻ ነው አሉ። ገምጋሚው ሥራው ጥልቅ መሆኑን አድንቆ ፎቶው ትንሽ ብርሃን ይጨመርበት ብሏል። በሳምንቱ የዶክተር ዝናቡ ጥላሁን ስም በዓለም ፊት ወጣ። እኔና ታምራት ሻይ ቤት ተቀምጠን ለጤንነቱ ሻይ ጠጣን።

የጥናት ቀኑ ሳይደርስ ግን ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። የታወቀው መጽሔት የታምራትን ጽሑፍ ተቀበለው። ገምጋሚዎቹ፣ እነዚያ ግትሮች፣ ዘዴው የሚታመን መሆኑን ጽፈው ነበር። ታምራት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። ያኛውን ቀልድ ተይው አለኝ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል፣ እዚያው ይበስብስ። እኔም ተውኩት። ሰንጠረዡን ረስቼው ነበር ብል ማንም ላያምነኝ ይችላል፤ ግን ረስቼው ነበር።

ለአባቱ ልንነግራቸው ኢዲዶ ወጣን። ኅዳር ነበር፤ የቡና ማስጫ አልጋዎቹ ቀይ ብለዋል፤ በየመንገዱ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው። ጋሽ ጂግሶ ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት የዛፎቹን ነገር ነው። ባሕር ይሻገራሉ ወይ አሉ። ታምራት አዎ አላቸው። የተከላቸው ሰው ስም አብሮ ይሄዳል ወይ አሉ። እሱም ይሄዳል አላቸው። እንግዲህ ቁረጥ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ወረቀቱን አሳየዋለሁ አሉ። ስንወርድ ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ለመሻገር ታምራት እጄን ያዘኝ። ከተሻገርን በኋላም አልለቀቀኝም። እኔም አላስለቀቅሁትም። ከዚያ እስከ ሞተሩ መቆሚያ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በሕይወቴ እንደገና ብሄድበት የምመኘው መንገድ ቢኖር እሱ ነው፤ ያንኑ እጅ ይዤ፣ በዚያው ዝምታ።

ጥር ላይ፣ ጽሑፉ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአዘጋጁ ደብዳቤ መጣ። ሰንጠረዥዎ ዶክተር ዝናቡ ጥላሁን ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ ከቁጥር እስከ ቁጥር አለ፤ ያብራሩልን ይላል። ግልባጩ ለክፍሉ ኃላፊ ደርሷል። ታምራት ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ሰንጠረዡን ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

ነገርኩት። አልጮኸብኝም። የተከለው ሰው የሚለውን ዓምድ የት አደረግሽው አለኝ። አጠፋሁት አልኩት። ከሁሉ በላይ ፊቱ የተለወጠው ያኔ ነው።

ልፍቀው ሞከርኩ። በዶክተር ዝናቡ ስም ለዚያኛው መጽሔት ጽሑፌን አንሱልኝ ብዬ ጻፍኩ። መልሳቸው በማግስቱ ደረሰ፤ ስላደረጉልን አስተዋጽኦ እናመሰግናለን፣ ከአዘጋጆቻችን አንዱ እንዲሆኑ ጋብዘንዎታል የሚል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኔ ጊዜ የጠራው ውሸቱ ነበር።

የሚቀረው አንድ መንገድ ነው። እውነቱን ለአዘጋጁና ለኮሌጁ መናገር፤ ዶክተር ዝናቡ የለም፣ ጽሑፉን የላክሁት እኔ ነኝ ማለት። እንዲህ ያደረገ ረዳት መምህር እንደማይቆይ ሁለታችንም እናውቃለን። አጎቶቼ ሱቅ ድረስ መጥተው ለአባቴ የሚሉትን በጆሮዬ እሰማው ነበር። ታምራት ተናገሪ አላለኝም። እኔም እናገራለሁ አላልኩትም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ የስብሰባው ቀን ደረሰ።

ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ኃላፊው ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ወደ ታምራት ዞረ።

«እርስዎ ነዎት ከዶክተር ዝናቡ የወሰዱት ወይስ እሳቸው ናቸው ከእርስዎ?» አለ።

እኔ ከታምራት ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጫለሁ። ታምራት ወደ እኔ አላየም። አለማየቱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ፤ ቢያየኝ ምናልባት አፌ ይከፈት ነበር። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከውጭ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ።

«ጽሑፌን አንስቻለሁ» አለ በመጨረሻ።

ኃላፊው ስለዚህ ዛፎቹ የሌላ ሰው ነበሩ ማለት ነው ብሎ ፈገግ አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ታምራት ወረቀቶቹን ሰበሰበ። እኔም ማስታወሻዬን አገላበጥኩ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው በዚያች ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ሰኔ ሲደርስ የታምራት ኮንትራት አልታደሰም። ለሁለተኛ ዲግሪ የታጨበት ዕድልም ለሌላ ተሰጠ። እሱ ሳይሄድ በፊት አንድ ቀን ብቻዬን ኢዲዶ ወጣሁ፤ ለጋሽ ጂግሶ ልናገር ቆርጬ። ዝናብ ነበር፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ደረስኩ። «ና ልጄ፣ እሳት ሙቅ» አሉኝ። እትዬ ወርቄ ያንኑ ድስት ጣደችልኝ። በልቼ ስጨርስ ጋሽ ጂግሶ ጠየቁኝ።

«ዛፎቼ የት ደረሱ?»

«መንገድ ላይ ናቸው» አልኳቸው።

እሳቸውም ባሕር ሰፊ ነው ብለው ተቀበሉኝ። ይህችን ውሸት ከዶክተር ዝናቡ ሁሉ አስበልጬ አፍርባታለሁ።

ታምራትን የሸኘሁት ዲላ መናኸሪያ ነው፤ ጠዋት፣ ሰው ሻንጣ እየተጋፋ። አንዲት ሻንጣና የመዝሙር መጽሐፉን ይዟል። ለምን አልተናገርክም አልኩት። ሌላ የምለው አጥቼ ነው፤ ጥያቄው እንኳ የእኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ። እንደ ልማዱ ትንሽ አሰበበት።

«ያንቺን እኔ ልናገርልሽ አልችልም» አለኝ። «ስብሰባው እስኪያልቅ ጠበቅኩሽ።»

አውቶቡሱ ሞላና ሄደ። ወደ ከፋ በኩል ችግኝ ጣቢያ ሥራ አገኘ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ አገባ ተባለ፤ ከዚያ ወሬውም ቀረ። የነበረኝ ስልክ ቁጥር አይሠራም። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ማዕረግ ተጨመረልኝ። አባዬ መምህር እንደሆንኩ አረፈ። ጋሽ ጂግሶም አረፉ። የታምራት ወንድሞች ማሳውን ሲካፈሉ ያረጁትን ብርብራዎች ቆርጠው አንዱ ጫት፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ተከለበት። የሚያሳዩት ወረቀት አልነበረማ። ከእነዚያ ዛፎች የሚበዙት ዛሬ ያሉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሌለ ሰው ስም፣ በሌለ መንደር፣ ማን እንደተከላቸው ሳይጻፍ።

እንግዲህ ያ ሰንጠረዥ ነው ሚያዝያ ላይ በረንዳዬ ድረስ የመጣው። ልጁን በማግስቱ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳይቀላቅል አዳመጠኝ። ከዚያም በሁለት ሳምንቱ በክፍላችን ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። ክፍሉ ያው ነው፤ ወንበሮቹ ተቀይረዋል፤ የዚያን ጊዜው ኃላፊ ጡረታ ወጥቷል። ዶክተር ዝናቡ እኔ ነኝ አልኩ። ዛፎቹ የጋሽ ጂግሶ ናቸው፣ ሥራው የልጃቸው የታምራት ነው፣ እኔ ዝም ባልኩ ነው እሱ የሄደው አልኩ። ይህንኑ ጽፌ በስሜ ለታወቀው መጽሔትም ልኬያለሁ፤ ከተከለው ሰው ዓምድ ጋር። የድሮ ማስታወሻ ደብተሬን አላቃጠልኩትም ነበር።

ስጨርስ ዝም የሚሉ መስሎኝ ነበር። አጨበጨቡልኝ። ወጣቶቹ ተነስተው፣ እንዴት ያለ ድፍረት ነው እያሉ አጨበጨቡልኝ። አንዲቷ እቅፍ አደረገችኝ። እዚያው አለቀስኩ፤ እነሱ የመሰላቸው በእፎይታ ነው። እኔ ግን ያለቀስኩት እውነቱ ምንም እንዳላስከፈለኝ ስለገባኝ ነው። ሲያስከፍል በነበረበት ቀን አስቀምጬው፣ በነጻ ሲሆን አውጥቼ ጭብጨባ ተቀበልኩበት።

ታምራት በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር አያጨበጭብም ነበር። መጀመሪያ ያስብበት ነበር። ከዚያ፣ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ፣ «ዘገየሽ» ይለኝ ነበር። ያችን አንዲት ቃል ከእሱ አፍ መስማት እንዴት እንደሚናፍቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው።